የማይንኮሻኮሸው ብልቃጥ

መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

በአላህ ስም ልጀምር። ሚስቴ ሙጂባ ከሞተች ወዲህ ማታ ማታ የማወራው ሰው የለኝም፤ ደብተር የገዛሁት ለዚህ ነው። የስድስተኛ ክፍል ጽሑፍ ነው። ለራሴ ይበቃል።

ልጄ እንድሪስ ዛሬም ብሎኬት ሲያመርት ውሎ ማታ ገባ። እጁን ሲሚንቶ በልቶታል። ከሳዑዲ አስረው ከመለሱት ወዲህ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ሐይቁን አያይም። አባቱ ዓሳ አስጋሪ ሆኖ እሱ ውሃ ዳር አይደርስም። ሲሄድ በየመን በኩል በጀልባ ነበር የተሻገረው። በዚያች ጀልባ ላይ ምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። እናቱ ብትኖር ትጠይቀው ነበር። እኔ መጠየቅ አልችልበትም።

ባዬ "ዳረው" ይለኛል። ባዬ የጀልባ ባልንጀራዬ ነው፤ እሱ ማተብ አስሮ እኔ ኮፍያ አድርጌ አንድ መረብ ስንስብ አረጀን።

"ዳረው እንጂ ኑርዬ። ሚስት ያለችው ሰው ባሕር ይሻገራል? ማን ይለቀዋል?"

"አንተን ለቃህ ግሸን ልትሄድ አይደል?"

"ለእኔማ ደስ ብሏት ነው የምትለቀኝ!"

ሳቅን። ግን እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። የአሊ ልጅ ሒክማ ጨዋ ናት። ሽማግሌ ልላክ።


መስከረም 20

የግሸን መንገደኛ አስፋልቱን ሞልቶታል። ባዬ ሄደ። "ለልጅህም እሳልለታለሁ" አለኝ። አሜን አልኩት። ብቻዬን አሰገርኩ፤ ጥቂት ነው የያዝኩት።


መስከረም 27

አሊ እሺ አለ። ግን ኢማሙ ሁለቱም ደማቸውን ሳይመረመሩ ኒካሕ አያስሩም። "እሱማ ለሁሉም ነው" አልኩት፤ ቀለል አድርጌ።

ማታ እራት ላይ ለእንድሪስ ነገርኩት። እጁ ወጡ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

"ማን ጠይቅልኝ አለህ አባ?"

"አባትህ አይደለሁ?"

"አልፈልግም።"

"ልጅቷ ምን ጎደላት?"

"እሷማ ምን ይጎድላታል።"

ተነስቶ ወጣ። ምግቡን አልጨረሰም። "እሷማ" ያላት ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀርታለች። አፍሮ ይሆናል። ድግስ ማን ይደግስልኛል ብሎ ይሆናል።


ጥቅምት 2

ውጫሌ ለቅሶ ነበርኩ። እንድሪስን አየሁት። ደክሞኛል፤ ከኢሻ ሶላት በኋላ እጽፈዋለሁ።

ከኢሻ በኋላ። ሌሊት እስኪሆን ስገላበጥ ቆየሁ እንጂ እንቅልፍ አልመጣም፤ ልጻፈው።

ከለቅሶ ስመለስ በጤና ጣቢያው አጥር በኩል አለፍኩ። ከኋላ፣ ከዛፉ ሥር፣ ከሌላው በሽተኛ ተነጥላ አንዲት አግዳሚ ወንበር አለች። እንድሪስ እዚያ ተቀምጧል፤ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ። ለእኔ ደሴ ስልክ ላሠራ ነው ብሎኝ ነበር የወጣው። ደግሞ ከጎኑ የተቀመጡት ሁሉ የኛ ከተማ ሰዎች ናቸው። አንዱ በመስጊድ ሶፍ፣ በሶላት ረድፍ፣ ከጎኔ የሚሰግድ ነው። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ፤ እርስ በርሳቸው እንኳ አይተያዩም።

አልጠራሁትም። እግሬ ራሱ ወደ መናኸሪያ ወሰደኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ እየሳቀ "ኧረ እናንተ ሐይቆች" አለ፣ "ጉንፋናችሁን እንኳ ውጫሌ ድረስ ተሸክማችሁ ትመጣላችሁ? የውጫሌው ደግሞ ጉንፋኑን ይዞ ሐይቅ ይወርዳል። መንገድ ላይ ስትተላለፉ ሰላም እንኳ አትባባሉም!"

ሰው ሳቀ። ከፊቴ ያሉት ሁለት ሴቶች ግን ሻርፓቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። እኔም ስቄ ነበር። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም።

ማታ እንድሪስ ሲገባ በጃኬቱ ኪስ ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ በቆሎ በቅል እንደሚንቀጫቀጭ ዓይነት። በእጁ ያዝ አደረገው፤ ድምፁ ጠፋ። "ስልኩ ተሠራ?" አልኩት። "ተሠራ" አለኝ።

ወባ ይሆናል። ለወባም መድኃኒት ይሰጣሉ።


ጥቅምት 8፣ ጁምዓ

ከሶላት በኋላ ኢማሙ "አትበተኑ" አሉ። ራዚያን በግቢው በር በኩል አቆሟት። ራዚያ ጂዳ ሰው ቤት ስትሠራ የቆየች ናት፤ አሁን ዐረብ አገር ለሚሄዱትና ለሚመለሱት ስለ ጤና ታስተምራለች። ከኋላዬ አንዱ "ይቺን ደሞ ማነው እዚህ ያመጣት" ብሎ አንሾካሸከ። ኢማሙ ሰሙት። "እኔ ነኝ" አሉ።

እሷ ምንም አላፈረችም። "ቫይረሱ በደሜ አለ" አለች። "ጂዳ የመኖሪያ ፈቃድ ሲታደስ ደሜን ወስደው፣ ምን እንዳገኙ ሳይነግሩኝ አውሮፕላን ላይ ጫኑኝ። የተነገረኝ እዚህ ነው።" ከቦርሳዋ ነጭ የላስቲክ ብልቃጥ አውጥታ ነቀነቀችው።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለችውን እየቆራረጥኩ ነው የሰማሁት። በየቀኑ የሚውጥ ሰው ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ከወረደ ለሚስቱም አያስተላልፍም። የሚያቋርጥ ሰው ግን ይነሳበታል፤ ያው መድኃኒት በኋላ ላይሠራለትም ይችላል። "መሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ አትደብቁን። አትሂድ ብለን አንይዛችሁም። የብዙ ወር መድኃኒት እንሰጣችኋለን። ድምፁ እንዳያሳጣችሁ ጥጥ ጠቅጥቁበት፤ እኔም ጠቅጥቄበት ኖሬያለሁ።"

እንድሪስ ከኋላ ረድፍ ነበር። ዞሬ አላየሁትም።


ጥቅምት 9

እሱ ሥራ ላይ እያለ ትራሱን ፈታሁት። በፌስታል የተጠቀለለ ሦስት ብልቃጥ። ሁለቱ ጥጥ ተጠቅጥቆባቸዋል፤ ቢነቀንቋቸውም አይሰሙም። እንደነበረ መለስኩት።

እየዋጠ ነው። አልሐምዱሊላህ፤ እየዋጠ ነው።

በሽታውን ከየት እንዳመጣው አልጠይቅም። እስር ቤት ይሁን፣ መንገድ ላይ ይሁን፣ ጠይቄ ምን ላደርገው ነው?

ለአሊ "ልጁ ገና ነው" አልኩት። "ልጄን የገበያ ጨርቅ አደረግካት እንዴ ኑርዬ? ነካክተህ የምትተዋት?" አለኝ። ዋጥኩት። "እሷማ ምን ይጎድላታል" ያለው ገብቶኛል። ልጅቷን ጠብቋት ነው። ይህን ነግሬ ላመሰግነው ነበር። ማታ አብረን ዜና ሰማን።


ጥቅምት 14

ባዬ መረብ እየሳብን "የእነ ሙስዓብ፣ የሰፈሩ ልጆች ቡድን ወደ ሳዑዲ ሊነሳ ነው አሉ። ደላላው ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ሰነበተ" አለኝ። "የአንተንም ልጅ ስም ሰማሁ። ውሸት ነው በለኝ።"

ውሸት ነው አላልኩትም።

ማታ ጠየቅኩት። በሕይወቴ አንድ ነገር ጠየቅኩ።

"ትሄዳለህ እንዴ?"

"እዚህ ምን አለኝ አባ?"

መልስ ነበረኝ፤ መብራቱን አጠፋሁ።


ጥቅምት 16

ወሰድኩት። ሰረቅኩት አልልም፤ ቦታ ቀየርኩለት። ሐይቁ ዳር ጎጆዬ ውስጥ፣ መረቡን የሚያንሳፍፉት የአሮጌ ሸበጥ ቁርጥራጮች ያሉበት ጆንያ አለ፤ መሐሉ ከትቼዋለሁ። ፀሐይም እርጥበትም አይነካውም።

ይህን መድኃኒት ሳይዝ ማን ይሄዳል? ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው አይሄድም። ስለዚህ አይሄድም። ቡድኑ ሲነሳ ይቀራል፤ ከዚያ ቀስ ብዬ ቦታው እመልሰዋለሁ። አባት ነኝ። ልጁ ገደል ሲሄድ እጅጌውን የማይዝ አባት አለ?


ጥቅምት 17

ትናንት ማታ ፈለገው። ትራሱን ገለበጠ፣ ፍራሹን አነሳ፣ የእናቱን ሣጥን ሳይቀር ከፈተ። እኔ ውዱእ እያደረግኩ ነበር። ረጅም ውዱእ።

"አባ፣ እዚህ የነበረ ፌስታል አይተሃል?"

"ምን ያለበት?"

አየኝ። "ምንም። አሮጌ ካልሲ።"

"አላየሁም።"

"አይጥ ይሆናል" አለ።

"አይጥ ይሆናል" አልኩ።

ከዚያ ሰገድኩ። ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ አላስታውስም።


ጥቅምት 19

ጤና ጣቢያ ሄዶ ጠፋብኝ ቢላቸው ይሰጡታል። አልሄደም። ሥራም አልሄደም፤ ደጃፍ ተቀምጦ ይውላል። ስገባ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ስወጣም ያየኛል። ለምን አይሄድም?

ዛሬ ጆንያውን ፈትቼ ነበር። ግን መልሼ ባስቀምጠው ማወቄን ያውቃል። አውቄ ዝም ማለቴን ያውቃል። እጁ ላይ ልስጠው ብል ደግሞ የማን ነው ብዬ ልስጠው? የመድኃኒቱን ስም እንኳ አላውቅም። ሙጂባ ሆይ፣ ይሄ የአንቺ ሥራ ነበር።

ጁምዓ ዕለት፣ ከሶላት በኋላ፣ እነግረዋለሁ።


ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ሄደ።

ለሱብሂ ሶላት ልቀሰቅሰው ስገባ ብርድ ልብሱ ታጥፏል። ጃኬቱ የለም። ትራሱ ቦታው ነው።

ሐይቅ ወረድኩ። ባዬ ፊቴን አይቶ መቅዘፊያውን ከእጄ ወሰደ። መረቡ ዛሬ ከብዶ ነበር። ዓሳው ሁሉ ተሸጠ።


ጥቅምት 22

ጁምዓ። ዛሬ ነበር የምነግረው።


ጥቅምት 26

የለም። ስልኩ ተዘግቷል። በላሁ፤ ምን እንደበላሁ አላውቅም።


ጥቅምት 29

ደወለ! በሰው ስልክ። ሎጊያ ነኝ አለ፤ ከባቲ ወርዶ አፋር በረሃ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ ድንበር የሚወስዳቸው መኪና ጠፍቶ ተቀምጠዋል። ያወራነውን እንዳለ ልጻፈው።

"ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ አባ።"

"ትሰግዳለህ?"

"እሰግዳለሁ።"

"ትበላለህ?"

"እበላለሁ።" የሰው ድምፅ፣ የመኪና ድምፅ ይሰማል። "ሌላ የምትለኝ አለ አባ?"

"የለም። አላህ ይጠብቅህ።"

ተዘጋ።

ሌላ የምትለኝ አለ? እሱ ነው የጠየቀኝ። እኔ የለም አልኩ።


ኅዳር 1

ዓሳ በሣር ጠቅልዬ ራዚያ በር ላይ ቆምኩ።

"ልትሸጥልኝ ነው አባባ ኑርዬ?"

"አይ፣ ላንቺ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ። አንድ ሰው አለ፤ መድኃኒቱን ረስቶ መንገድ ወጣ።"

"ረሳ?" አለች። ዓሳውን ተቀብላ ቆመች። "ሰው ጫማውን ይረሳል አባባ። ይሄን አይረሳም።"

ጎረቤቷ ልብስ ታሰጣለች። ገመዱን፣ ልብሱን፣ ሁሉን አየሁ።

"ወሰድኩበት" አልኩ። "እንዳይሄድብኝ።"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። በርጩማ አወጣችልኝ። የት እንደደረሰ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ገና ባሕር አለመሻገሩን ስትሰማ ተነፈሰች። "እጁ እንደገባ ዛሬውኑ ይጀምር። ላለፈው ብሎ ደራርቦ እንዳይውጥ። ያቋረጠውን ቀን ሳይደብቅ ለጤና ባለሙያ ይንገር፤ ደሙን ያዩለታል። ድንበር ማዶም የሚሰጡ አሉ።"

"ወረቀት ጻፊልኝ።"

"ወረቀቱንማ ከጤና ጣቢያ እናወጣለታለን፤ ግን ደላሎቹ ኪስ ይፈትሻሉ። የመድኃኒቱን ስም በቃሉ ይያዘው።" ሦስት ስም ነገረችኝ። ምላሴ አልዞር አለ። ደገመችልኝ። "ንገሪው በስልክ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ" አልኳት።

"እኔማ አልነግረውም" አለች። "ልጁ የአንተ ነው።"


ኅዳር 3

እንድሪስ በደወለበት ቁጥር ደወልኩ። ሻይ ቤት ያላት ሴትዮ አነሳች።

"የትኛው እንድሪስ? እዚህ ስንት እንድሪስ አለ መሰለህ!"

"የሐይቁ። ዝምተኛው።"

"እ፣ እሱን እንኳ አውቀዋለሁ። ቆይ።"

ቆየሁ። ጆሮዬን አላበኝ።

"አባ?"

"መድኃኒትህ እኔ ጋ ነው።"

ስልኩ የተቆረጠ መሰለኝ። "እንድሪስ?"

"አለሁ።"

"እኔ ነኝ የወሰድኩት።"

"አውቃለሁ አባ" አለ። "ትራሱ ዓሳ ዓሳ ይሸት ነበር።"

እጄን አሸተትኩ።

"ለምን ታዲያ አልጠየቅከኝም?"

"ጠየቅኩህ እኮ። ካልሲ አልኩህ። ከዚያ ደጃፍ ተቀምጬ ጠበቅኩህ። አንድ ቀን ይናገራል ብዬ።"

ስለዚህ ነው ጤና ጣቢያ ያልሄደው። ስለዚህ ነው ስወጣ ስገባ ያየኝ የነበረው።

"አትንቀሳቀስ" አልኩት። "ነገ ጤና ጣቢያ ጉዳይ አለኝ፤ ከነገ ወዲያ እመጣለሁ።"

"መኪና ከመጣስ?"

"እመጣለሁ።"


ኅዳር 4

ራዚያ ውጫሌ ይዛኝ ሄደች። ያቺ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። የሶፍ ጎረቤቴ መጣ። አየኝ። ትንሽ ቆሞ ከጎኔ ተቀመጠ። "አሰላሙ ዐለይኩም" አለኝ፤ መለስኩለት። እዚያ ወንበር ላይ ሰላምታ ሲባል የሰማሁት የመጀመሪያው ይሄ ነው።

ወረቀቱን ሰጡኝ። የተከፈተውን ብልቃጥ እኔው ጥጥ ጠቀጠቅኩበት።

ስሞቹን ልጅ ሆኜ ቁርአን እንደቀራሁት ነው የያዝኳቸው፤ ትርጉሙን ሳላውቅ፣ እየተወዛወዝኩ፣ ደጋግሜ። ቴኖፎቪር። ላሚቩዲን። ዶሉቴግራቪር። ባዬ ጀልባው ላይ ሰማኝ። "ምን ዓይነት ዱዓ ነው ይሄ ደግሞ?" አለ። ነገርኩት። ሁሉንም ነገርኩት። መቅዘፊያውን አስቀመጠ። "ለጀልባው እኔ አለሁ፤ አንተ ሂድ" አለኝ።


ኅዳር 5፣ ሎጊያ

ሙቀቱ ሰው አያስጽፍም። በኋላ።


ኅዳር 7፣ ቤት

ሻይ ቤቱ ጥላ ሥር አገኘሁት። ከስቷል። ሳመኝ። ተቀመጥን። ብልቃጦቹን ከጋቢዬ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ሰው እያየ፣ አስቀመጥኩ። ፌስታል ውስጥ ላድርጋቸው ብዬ ነበር፤ ተውኩት።

"ትራሴ ውስጥ ስታገኘው ምን አልክ?" አለኝ።

"አልሐምዱሊላህ አልኩ። እየዋጠ ነው፣ ራሱን እየጠበቀ ነው ብዬ። ለሒክማም ያደረግከውን አውቄዋለሁ።"

ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ፊቱን አዞረ። "ይሄንን ያኔ ብትለኝ" አለ።

አንዱን ከፈተ። ጥጡን አወጣ። አንድ ክኒን መዳፉ ላይ አድርጎ ፊቴ ዋጠ።

ወረቀቱን ሰጠሁት። ከዚያ "ድገም" አልኩት፤ ስሞቹን። እኔ እያልኩ እሱ እየተቀበለ። ሦስተኛው ላይ ሁለታችንም ተሳሳትን። ሳቀ፤ ከሳዑዲ ከመጣ ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁም ነበር። "አባ፣ ሐኪም ወጣህ!" "ድገም" አልኩት። ደገመ። እስኪይዘው አስደገምኩት፤ የቁርአን አስተማሪዬ እኔን እንዳደረጉኝ።

"እንመለስ" አልኩት ከዚያ።

"አልችልም አባ።"

አልለመንኩትም። ወይም ለምኜው ይሆናል፤ አላስታውስም።

መኪናው ወደ ማታ መጣ። ጥጡን መልሶ አልጠቀጠቀውም፤ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ተነሳ። ብልቃጡ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ እየተንኮሻኮሸ ሄደ። በእጁ አልያዘውም። መኪናው ላይ ወጥቶ ሰው መሐል እስኪቀመጥ ድረስ ሰማሁት፤ ከዚያ ሞተሩ ተነሳ።

ጥጡ ኪሴ ውስጥ ነው።


ኅዳር 12

አልደወለም። መንገድ ላይ ነው።

ዛሬ ሱብሂ ሰግጄ ተስቢሕ ላይ ተቀመጥኩ። ሱብሐነላህ አልኩ፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ አላሁ አክበር አልኩ። ሳላስበው ምላሴ ሦስቱን ስሞች ቀጠለ። ጌታዬ ይቅር ይበለኝ፤ አላቆምኩትም። ጨርሼ ወደ ሐይቁ ወረድኩ።